መዳብ በባዶ እጅ አይያዝም



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናወራው ስለ ማዕድ ቤት ነው። የዛሬው ወሬ ግን ከማዕድ ቤት ተነስቶ ባክቴሪያ ውስጥ ድረስ ይወስደናል። መነሻው የደንበኞቼ ጥያቄ ነው። የመዳብ ጠርሙስና የመዳብ ኩባያ ፋሽን ከሆነ ወዲህ ስለ እሱ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። አንዷ እናት «ጋሼ፣ ውሃ መዳብ ውስጥ ሲያድር ጀርሙ ይሞታል ይላሉ። ለልጆቼ የሎሚ ጭማቂ ባደርግበትስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ እውነት ነው፣ ሌላው አደጋ ነው። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው መዳብን እንዴት አድርገው እንደሚይዙት ማየት ይጠቅማል። እነሱ ይህን ሙያ የተማሩት ሰው ምድር ላይ ሳይኖር ነው።

እሳት እንደ መጫር

ወላጆች፣ እሳት መጫርን ታስታውሱታላችሁ? ክብሪት የሌለበት ቤት እሳቱ ሲጠፋ ልጅ ወደ ጎረቤት ትላካለች። ልጅቷ ፍሙን በእጇ አትይዝም፤ ገል ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤትየዋ ፍሙን ገሉ ላይ ታደርግላታለች፣ ልጅቷም መንገድ ላይ ሳትጥል ቀጥ ብላ ወደ ምድጃው ትወስደዋለች። (ልጆች፣ ገል ማለት የተሰበረ የሸክላ ዕቃ ስባሪ ነው።) ፍም ከሌለ እራት የለም። ፍሙ ሣር ላይ ከወደቀ ደግሞ ቤት ይቃጠላል።

መዳብም በሰውነት ውስጥ እንደዚያ ፍም ነው። ያስፈልጋል። ከምግብ ጉልበት ስናወጣ፣ የተነፈስነውን ኦክስጅን በመጨረሻ የሚቀበለው ኢንዛይም ያለ መዳብ አይሠራም። ይህ ኢንዛይም በእኛም አለ፣ በብዙ ባክቴሪያዎችም አለ። የሚያስፈልገው መጠን ግን ትንሽ ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 0.9 ሚሊግራም ይበቃዋል። መላ ሰውነታችን ውስጥ ያለው መዳብ ተደምሮ እንኳን ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛው ገደማ ነው።

ታዲያ አደጋው ምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ መዳብ ኤሌክትሮን መስጠትም መቀበልም ይቀለዋል። ጠቃሚ ያደረገውም ይኸው ጠባዩ ነው። ጠባቂ ከሌለው ግን ያገኘውን ኦክስጅን ሌላውን ሁሉ ወደሚያበላሽ ኬሚካል ይለውጠዋል። ሁለተኛ፣ መዳብ ሰልፈር ካየ መጣበቅ ነው። በብዙ ኢንዛይሞች ውስጥ ብረትና ሰልፈር ተያይዘው የሚቀመጡበት ቦታ አለ። ልቅ መዳብ ይመጣና ብረቱን ገፍቶ ቦታውን ይቀማል። በቃ፣ ያ ኢንዛይም ከሥራ ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ መዳብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ አይለቀቅም።

ቤት፣ ግቢ እና አጥር

ኢ. ኮላይ የምትባለዋን ባክቴሪያ እንውሰድ። ክትፎ የምንሸጥ ሰዎች ስሟን ስንሰማ እንደነግጣለን፤ አንዳንዱ ዝርያዋ በጥሬ ሥጋ ገብቶ ክፉኛ ያሳምማልና። አብዛኛው ዝርያዋ ግን በሁላችንም አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖር ነው። አምስት መቶዎቹ በሰልፍ ቢቆሙ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው።

ይህቺ ትንሽ ፍጥረት ሁለት ሽፋን አላት። የእኛን አገር ቤት አስቡ። የውስጠኛው ሽፋን የቤቱ ግድግዳ ነው፤ የውጪኛው አጥር ነው፤ በመካከል ግቢ አለ። መዳብ አጥሩንና ግድግዳውን አልፎ ቤት ከገባ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ዘበኛ አለ። ስሙ ኪዩአር ይባላል፤ የምግብ ዝርዝር ለማየት ጠረጴዛ ላይ ከምንለጥፈው ኪውአር ኮድ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። ይህ ፕሮቲን አንዲት የመዳብ አቶም በሁለት የሰልፈር ጣቶች መካከል ይይዛል። መዳብ ሲይዝ ቅርጹ ይለወጥና መከላከያዎቹን የሚያሠሩትን ጂኖች ያስነሳል። በ2003 የታተመ ጥናት የዘበኛውን ንቃት ለክቶ ነበር። የሚነቃበት መጠን ሲሰላ በባክቴሪያዋ ውስጥ ከአንዲት ነጻ አቶም በታች ሆኖ ተገኘ። አንዲት ልቅ መዳብ እንኳን አትፈቀድም ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 በእርሾ ላይ የተሠራ ጥናትም ወደዚያው አመላክቶ ነበር፤ በእርሾ ሕዋስ ውስጥም ልቅ መዳብ የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ገሉን የያዘችው ልጅ ናት። በአፈር ውስጥ በምትኖረው ባሲለስ ሰብቲሊስና በሌሎችም ባክቴሪያዎች ውስጥ ኮፕዚ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለ፤ ከ70 ገደማ አሚኖ አሲድ የተሠራ ነው። ሥራው መዳብን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ማድረስ ነው። አያያዙ ደስ ይላል። መዳቡን በሁለት ሰልፈር ይዞታል። ተቀባዩ ፕሮቲን ጠጋ ይልና በራሱ ሰልፈር መዳቡን ይነካዋል። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ይዘውታል። ተቀባዩ አጥብቆ ከያዘ በኋላ ሰጪው ይለቃል። ሙሉ ሰሃን ትኩስ ወጥ ለሌላ አስተናጋጅ ስታቀብሉ «ያዝከው?» ብላችሁ፣ «ይዣለሁ» ሲላችሁ እንደምትለቁት ነው።

ሰልፈሩ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ ሁለቱ፣ ሲስቴይንና ሜቲዮኒን፣ ሰልፈር አላቸው። የነጭ ሽንኩርት ሽታም የተበላሸ እንቁላል ሽታም ከዚሁ ከሰልፈር ነው።

ሦስተኛው ፓምፕ ነው። ኮፕኤ ይባላል። የቤቱ ግድግዳ ላይ ተተክሎ፣ የሕዋሱን ጉልበት እየበላ፣ መዳቡን ከቤት ወደ ግቢ ያወጣል።

ግቢ ከደረሰም ጉዳዩ አላለቀም። እዚያ አንድ ኢንዛይም ይጠብቀዋል፤ መዳቡን ጉዳቱ ወደሚያንስ ዓይነት ይለውጠዋል። ሌላ ትንሽ ተሸካሚ ፕሮቲን ደግሞ ግቢው ውስጥ የተረፈውን እየለቀመ ከግድግዳው እስከ አጥሩ ለተዘረጋ ቧንቧ ያስረክባል። በዚያ በኩል መዳቡ ጎዳና ይጣላል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ፍሙ አንድ ጊዜም መሬት አልነካም።

ታዲያ መዳብ ባክቴሪያን እንዴት ይገድላል?

የእናትየዋ ጥያቄ እውነት የሆነው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ዘበኛውም ፓምፑም አቅም አላቸው። ባክቴሪያዋ ንጹሕ መዳብ ላይ ካረፈች ግን ከየአቅጣጫው መዳብ ይጎርፍባታል፤ ሽፋኗ ይቀደዳል፣ ውስጧ ያለው ይበላሻል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 መዳብና የመዳብ ቅይጦችን ባክቴሪያ የሚገድሉ ብሎ መዝግቧቸዋል። በምርመራው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ99.9 በመቶ በላይ ባክቴሪያ ገድለዋል። አንዳንድ ሆስፒታሎች የአልጋ መደገፊያና የበር እጀታ ከመዳብ የሚያሠሩት ለዚህ ነው። ሕንድ ውስጥ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ተመራማሪዎች የተቅማጥና የኮሌራ ባክቴሪያ የጨመሩበትን ውሃ መዳብ ዕቃ ውስጥ 16 ሰዓት አቆይተው ሲያዩት በሕይወት ያለ ባክቴሪያ አላገኙም።

የራሳችን ሰውነትም ይህን ዘዴ ያውቃል። ባክቴሪያ የሚውጡ የደም ነጭ ሕዋሳት አሉን። የዋጡትን ባክቴሪያ የዘጉበት ክፍል ውስጥ መዳብ በፓምፕ ይጨምሩበታል። ክፉዎቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ለዚህ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከመዳብ የሚያድነው የራሱ ፕሮቲን አለው። ተመራማሪዎች ያን ፕሮቲን አጥፍተው ባክቴሪያውን ለቤተ ሙከራ እንስሳት ሲሰጡ በሳንባቸው ውስጥ ቁጥሩ በጣም ቀንሶ ታይቷል። ቲቢ የስንቱን ቤት እንዳንኳኳ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

ግን ባክቴሪያም ይማራል። ዴንማርክ ውስጥ አሳማዎችን ለማሳደግ መኖ ላይ መዳብ ይጨመር ነበር። በ2002 ሁለት ተመራማሪዎች ከእነዚያ አሳማዎች ባገኙት ባክቴሪያ ውስጥ መዳብን የሚያስችል ጂን አገኙ። ጂኑ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነው፤ አንቲባዮቲክ ከሚያሸንፉ ጂኖች ጋርም አብሮ ሲጓዝ ተገኝቷል። እንግዲህ ጀርም ይገድላል ብለን ያለ ልክ የበተንነው ነገር መልሶ የጀርም አስተማሪ ይሆናል።

ያው ፓምፕ በእኛም ጉበት ውስጥ

አሁን ወደ ቤተሰብ ጉዳይ እንምጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ የማርክ ሶሊዮዝ ቡድን ኢንቴሮኮከስ ሂሬ በምትባል ባክቴሪያ ውስጥ የመዳብ ፓምፖችን አግኝቶ ገለጸ። በ1993 ደግሞ ሌሎች ቡድኖች ሁለት የሰው በሽታዎችን የሚያመጡትን ጂኖች አገኙ። ጂኖቹን ሲያነቡ የተጻፈባቸው የመዳብ ፓምፕ ሆኖ ተገኘ፤ የባክቴሪያዎቹ የብረታ ብረት ፓምፕ የሥጋ ዘመድ። በኢ. ኮላይ ፓምፕ ላይ መዳብ የሚይዙት እጆች ሁለት ናቸው፤ በሰው ፓምፕ ላይ ስድስት። እኛም ገል ይዛ የምትሮጥ ልጅ አለችን፤ አቶክስ1 የምትባል ትንሽ ፕሮቲን።

አንደኛው በሽታ ሜንኪስ ይባላል። አንጀት የተቀበለውን መዳብ ወደ ደም ማሳለፍ ያቅተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ወንዶች ሕፃናትን ነው። ሁለተኛው ዊልሰን ይባላል። በ1912 ለንደን ይሠራ የነበረው ሐኪም ኪኒየር ዊልሰን ነው የገለጸው። በዊልሰን የጉበት ፓምፕ አይሠራም። ጉበት ትርፉን መዳብ ወደ ሐሞት መጣል ሲያቅተው መዳቡ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ፣ ቀጥሎም አንጎል ውስጥ ይከማቻል። ከ30,000 ሰው አንድ ገደማ ይይዘዋል።

ለምን ነገርኳችሁ? ምክንያቱም ይህ በሽታ ሌላ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል። አንዱ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሌላው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሌላዋ ጎበዝ ተማሪ የነበረችው ጠባይዋ ይለወጥና ትምህርቷ ይወድቃል። በእኛ ቤት ደግሞ «ዓይን ነው»፣ «የዚህ አገር ልጅ ጠባይ ነው» እየተባለ ጊዜ ይሄዳል። ያ ጊዜ ውድ ነው። ዊልሰን ካልታከመ ይገድላል፤ ቶሎ ከተያዘ ግን መድኃኒት አለው። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ቢሆንም ልጁ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል። ምርመራውም የደም፣ የ24 ሰዓት ሽንትና የዓይን ምርመራ ነው፤ በብዙዎች ዓይን ጥቁሩ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ልጁ የሚታመመው ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ጂን ሲወርስ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ ማንም ጥፋተኛ የለም። አንድ ልጅ ዊልሰን ከተገኘበት ግን እያንዳንዱ እህቱና ወንድሙ ከአራት አንድ ዕድል አለው። ምንም ባያማቸውም ይመርመሩ። ሐኪማችሁ ካልጠየቀ እናንተ ጠይቁ።

ከባክቴሪያም ደግ ወሬ አለ። ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች መዳብ በጣም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሚታኖባክቲን የሚባል ትንሽ ነገር ሠርተው ወደ ውጭ ይልካሉ፤ መዳብ አንቆ ይዞ ይመለሳል። በ2016 የታተመ ጥናት ይህንኑ ነገር ዊልሰን ለያዛቸው አይጦች ሰጥቶ ከጉበታቸው መዳብ ሲያወጣላቸው አሳይቷል። ለሰው ገና መድኃኒት አልሆነም፤ ግን ከጭቃ ውስጥ ለተገኘ ባክቴሪያ ቀላል ሙያ አይደለም።

እንግዲህ በቤታችን

አንደኛ፣ ኮምጣጣ ነገር መዳብ ውስጥ አይደረግ። ኮምጣጣ መዳቡን ከዕቃው ላይ እየላጠ ምግቡ ውስጥ ይለቀዋል፤ ፍሙ ያለ ገል መጣ ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ፒኤች ከ6 በታች የሆነ ምግብ መዳብ ወይም ናስ እንዳይነካ ይከለክላል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ጠጅ፣ እርጎ፣ የእንጀራ ቡሆ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። በ2017 የአዮዋ ግዛት በመዳብ ኩባያ የሚቀርብ ሎሚ ያለበት መጠጥን ጠቅሶ ይህንኑ አስታውሷል። ውስጡ በማይዝግ ብረት ወይም በቆርቆሮ የተለበጠ ዕቃ ችግር የለውም፤ ልባጡ ሲላጥ ግን ጡረታ ይውጣ። መዳብ የበዛበት መጠጥ የጠጣ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ለእናትየዋ የሰጠሁት መልስ «የሎሚውን በብርጭቆ አድርጊላቸው» ነው።

ሁለተኛ፣ የቧንቧ ውሃ። ብዙ ቤት የመዳብ ቧንቧ አለው። የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር ከ1.3 ሚሊግራም በላይ ከሆነ እርምጃ ይወሰድ ይላል። ውሃው ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ካደረ ጠዋት ትንሽ አፍስሱት። ለሕፃን ጡጦ የሚቀዳው ከቀዝቃዛው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ዱለት። 85 ግራም የበሬ ጉበት ውስጥ 12 ሚሊግራም ገደማ መዳብ አለ፤ ከቀን ፍጆታችን ከአሥር እጥፍ በላይ። ጤነኛ ጉበት ትርፉን ይጥለዋል፤ አልፎ አልፎ የሚበላ ሰው አይስጋ። ዊልሰን ያለበት ሰው ግን ጉበት አይነካም። እኔም የዱለት ገበያዬን ለዚህ ስል እተዋለሁ።

አራተኛ፣ ዚንክ። ጉንፋን ይከላከላል ብለው ለወራት በብዛት የሚውጡ አሉ። ዚንክ ሲበዛ መዳብ ከአንጀት እንዳይገባ ያግዳል፤ የደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ያመጣል። ሐኪም ሳታማክሩ አታብዙት።

አምስተኛ፣ የመዳብ እጀታ የሳሙና ምትክ አይደለም። ሁለት ሰዓት የሚጠብቅ ምሳ የለም፤ እጃችሁን ታጠቡ።

ለልጆች

ከወላጅ ጋር ሆናችሁ ይህን ሞክሩ። ሩብ ኩባያ ኮምጣጤ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። የጠቆሩ ሃያ የአሜሪካ ፔኒዎች ጨምሩ፤ አውሮፓ ያላችሁ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞችን። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሳንቲሞቹ ያበራሉ። ጥቁረቱ የት ሄደ? ኮምጣጤው ውስጥ፤ መዳቡም አብሮት። አሁን ሳንቲሞቹን አውጡና በደንብ የታጠበ የብረት ሚስማር ክተቱበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚስማሩ ቀይ ቡናማ ይሆናል። ልቅ የነበረው መዳብ የብረቱን ቦታ ያዘ። አሠራሩ ትንሽ ቢለይም፣ በባክቴሪያዋ ኢንዛይም ላይ ብረትን ገፍቶ ቦታ የሚቀማው ይኸው መዳብ ነው። ፈሳሹን እንዳትቀምሱት፤ በብዙ ውሃ ደፍታችሁ እጃችሁን ታጠቡ።

ከዚያ አያታችሁን ወይም እናታችሁን «እሳት ጭረሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነሱ ስለ ገል ይንገሯችሁ፤ እናንተ ስለ ኮፕዚ ንገሯቸው።

መልካም ወር ይሁንላችሁ።